ነጩ ይሻላል ወይስ ውሃ የመሰለው? የጨቅላ ሕፃናት የሆድ ራጅና የኮንትራስት ጥያቄ

ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ነው። ከፒያሳ እስከ ስታዲየም፣ ከሜክሲኮ እስከ ካዛንቺስ ባሉት መድኃኒት ቤቶች ብጣሽ ወረቀት ይዞ የሚዞር አባት ወይም አጎት ማየት ብርቅ አይደለም። ሆስፒታል የተኛ ሕፃን አለ። «ኮንትራስት ከውጭ ገዝታችሁ ኑ» ተብለዋል፤ አንጀት በራጅ እንዲታይ የሚሰጠውን ፈሳሽ ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ አንዴ ኦምኒፓክ ይጻፋል፣ አንዴ ጋስትሮግራፊን፤ ሁለቱም ውሃ የመሰሉ ኮንትራስቶች ናቸው። ባለመድኃኒት ቤቱም አንዳንዴ «እሱ አልቋል፤ ይኼኛው ግን አለ፤ ያው ነው» ይላል።

ያው ነው? ለጤነኛ አዋቂ ልዩነቱ ብዙ ላያስጨንቅ ይችላል። ለሦስት ኪሎ ጨቅላ ግን ያው አይደለም።

ወሬውም ነገሩን አላቀለለውም። አንዱ «ነጩ ባሪየም መርዝ ነው፤ እምቢ በሉ» ይላል። ሌላው «አዮዲን ያለበት ኮንትራስት የሕፃኑን ታይሮይድ፣ አንገት ላይ ያለውን ዕጢ፣ ያበላሻል፤ አሜሪካኖቹ ራሳቸው አስጠንቅቀዋል» ይላል። ሁለቱም ከእውነት ላይ የተቆረሱ ናቸው። የቀረው ቁራሽ ግን አይነገርም። ወላጅ መሃል ላይ ይቀራል። ያም ጎጂ፣ ይኼም ጎጂ ከሆነ ምን ሊደረግ ነው?

ራጅ የማያየው ነገር

ራጅ ጥላ ነው። ጨረሩ በሰውነት ውስጥ ሲያልፍ ከባዱ ነገር ይይዘዋል፣ ቀላሉ ያሳልፈዋል። አጥንት ጎልቶ ይወጣል። ብረትማ ይብሳል። ጨረሩ በተገኘ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1896፣ ኔፕልስ በሚገኝ የጦር ሆስፒታል አንድ ጣሊያናዊ ሐኪም በኢትዮጵያ ዘመቻ የቆሰሉ ሁለት ወታደሮችን ራጅ አንስቶ ጥይቱን ፈልጓል። ከዓድዋ ማግስት መሆኑ ነው። ራጅ ለጦር ቁስለኛ ሲውል የመጀመሪያው እንደሆነ ይጠቀሳል።

ጥይትና አጥንት ለራጅ ቀላል ናቸው። አንጀት ግን ሥጋ ነው። ዙሪያውም ሥጋ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኖ ይወጣል። የሚለየው ውስጡ ያለው አየር ብቻ ነው፤ እሱ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ልምድ ያለው ሐኪም ከአየሩ አቀማመጥ ብዙ ያነባል። መንገዱ የት ጋ እንደታጠፈና ለምን እንደተዘጋ ግን አየሩ ሁልጊዜ አይናገርም።

ኮንትራስት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ጨረሩን የሚይዝ ፈሳሽ ነው። በአፍ፣ በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ ወይም በፊንጢጣ ይሰጣል። ሰው «መድኃኒት ጠጥቶ ራጅ ተነሳ» ይላል እንጂ በአብዛኛው የሚያድን ነገር የለውም። የቧንቧውን መንገድ ያሳያል፣ በቃ። ባሪየምና አዮዲን የተመረጡት አተሞቻቸው ከባድ ስለሆኑ ነው። የባሪየም የአቶም ቁጥር 56፣ የአዮዲን 53 ነው። የሥጋችን ዋና ዋና ግብዓቶች የሆኑት ካርቦንና ኦክስጅን 6 እና 8 ናቸው።

ለጨቅላ ይህ ምርመራ በአስቸኳይ የሚፈለገው በተለይ አረንጓዴ ሲያስታውክ ነው። አረንጓዴው ሐሞት ነው። ሐሞት በአፍ ከመጣ፣ ሐሞት ወደ አንጀት ከሚገባበት ቦታ በታች መንገዱ ተዘግቷል የሚል ጥርጣሬ ያስነሳል። ከሁሉም የሚያስፈራው አንጀት በማኅፀን ሳለ ቦታውን ሳይዝ ቀርቶ፣ ከተወለደ በኋላ በራሱ ላይ ሲጠማዘዝ ነው። የደም ሥሩም አብሮ ይጠመዘዛል። አብዛኛው በመጀመሪያው የሕይወት ወር ይከሰታል። ሌሎችም አሉ። የአንጀት መጨረሻ ያለ ነርቭ ሲፈጠር፣ ማለትም ሂርሽስፕሩንግ የሚባለው ሕመም ሲኖር። የመጀመሪያው ጥቁር ዓይነ ምድር ደድሮ ሲዘጋ። ትንሽ ከፍ ባሉት ላይ ደግሞ አንጀት አንጀት ውስጥ ሲገባ።

መርዝ የሆነው ባሪየምና ያልሆነው

«መርዝ ነው» የሚለው ወሬ ምንጭ አለው። ባሪየም ካርቦኔት የሚባለው ጨው የአይጥ መርዝ ሆኖ አገልግሏል። በጨጓራ አሲድ ይሟሟል። ደም ውስጥ ይገባል። ጡንቻንና ልብን ያውካል። ለራጅ የሚሰጠው ግን ባሪየም ሰልፌት ነው። እሱ አይሟሟም። በላይ ገብቶ በታች ይወጣል። ሁለቱ የሚጋሩት ስም ነው።

አደጋ የሚመጣው ሲቀላቀሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ብራዚል ውስጥ በካርቦኔት የተበከለ የራጅ ባሪየም ተሰራጭቶ በርካታ ሰዎች ሞተዋል። ያ የፋብሪካና የቁጥጥር ጥፋት ነው። ምንጩ የማይታወቅ ዱቄት መግዛት አደገኛ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

የሚገርመው ባሪየም ራሱ ወደ ራጅ ክፍል የገባው «ደኅንነቱ የተሻለ» ተብሎ ነው። ከእሱ በፊት ቢስመዝ ነበር። ጀርመናዊው ሐኪም ሄርማን ሪደር እ.ኤ.አ. በ1904 የቢስመዝ ጨው ከምግብ ጋር አቀላቅሎ እየሰጠ ጨጓራና አንጀትን ያሳይ ነበር። ችግሩ ጨው ውስጥ የነበረው ናይትሬት ነው። የአንጀት ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት ይቀይሩታል። ናይትራይት ደግሞ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ሕፃናትን ጨምሮ ሰዎች ሞቱ። ባሪየም ሰልፌት እ.ኤ.አ. በ1910 ሲቀርብ እፎይታ ነበር። የዛሬው የኮንትራስት ክርክር እንግዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው።

የባሪየም እውነተኛ ጉድለት ሌላ ቦታ ነው። አንጀት ተበስቶ ከሆነ ባሪየሙ ወደ ሆድ ዕቃ ይፈሳል። አለመሟሟቱ ያን ጊዜ ጠላት ይሆናል። ሰውነት አይመጠውም። ከአንጀት ቆሻሻ ጋር ተደባልቆ የሆድ ዕቃውን ሽፋን ክፉኛ ያስቆጣል። ቀዶ ሐኪም አጥቦ ሊጨርሰው ይቸገራል። ከርሞም አንጀትን ከአንጀት ያጣብቃል። የጨቅላ አንጀት ደግሞ ተበስቶ እንደሆነ በውጭ ምልክት ብቻ ማወቅ ቀላል አይደለም። ሌላም አለ። አንጀቱ በማይገፋ ሕፃን ውስጥ ባሪየም ውሃው ተመጥጦ ሊደድር ይችላል።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ አንጀቱ እንዳልተበሳ ሲያምኑ ባሪየምን የሚመርጡ ልምድ ያላቸው ራዲዮሎጂስቶች አሉ። ምክንያታቸው ጠንካራ ነው። ሥዕሉ ጥርት ያለ ነው። አንጀት ውስጥ ካለው ፈሳሽ ጋር ሲገናኝ እንደ ሌሎቹ ቶሎ አይደበዝዝም። ዋጋው ዝቅተኛ ነው። ታይሮይድን አይነካም። ይህን አቋም እንደ ኋላ ቀርነት መቁጠር ስህተት ይመስለኛል። ጥያቄው አንጀቱ ደኅና ነው ብሎ ማን፣ በምን ማስረጃ አመነ የሚለው ነው።

የሚቆጠረው መኪናው ነው፣ ተሳፋሪው አይደለም

አሁን ወደ ጥርት ወዳሉት ፈሳሾች እንምጣ። ሁሉም ውሃ ይመስላሉ። ሁሉም አዮዲን አለባቸው። «ያው ነው» የሚያሰኘውም ይህ ነው። ልዩነቱ ኦስሞላሊቲ በሚባል ቁጥር ውስጥ ተደብቋል።

ኦስሞላሊቲ ማለት አንድ ፈሳሽ ውሃን ወደ ራሱ የመሳብ አቅሙ ነው። ቲማቲም ቆራርጦ ጨው የነሰነሰ ሰው ነገሩን አይቶታል። ትንሽ ቆይቶ ሳህኑ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል። ያ ውሃ ከቲማቲሙ ነው የወጣው። አንጀት ውስጥ የገባ ጠንካራ ፈሳሽም እንዲሁ ከደም ውሃ ይስባል። የሰውነት ፈሳሽ ቁጥር 290 ሚሊኦስሞል ገደማ ነው። ጋስትሮግራፊን ሳይቀጥን ከ1900 ይበልጣል። ከስድስት እጥፍ በላይ ማለት ነው።

አዋቂ ይህን ይችላል። ተቅማጥ ቢይዘው ውሃ ይጠጣል። ሦስት ኪሎ የሚመዝን ጨቅላ ግን በሰውነቱ ያለው ደም በጠቅላላ 240 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። ከአንድ የለስላሳ ጠርሙስ ያንሳል። ከዚያ ላይ ጥቂት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ወደ አንጀት ቢሳብ ደሙ ይወፍራል፣ ግፊቱ ይወርዳል። በአስቸኳይ በደም ሥር ፈሳሽ ካልተተካ ሕፃኑ ሊሞት ይችላል። ሁለተኛው አደጋ ሳንባ ነው። የሚያስታውክ ሕፃን ፈሳሹ ወደ ሳንባው ሊገባበት ይችላል። ጠንካራው ፈሳሽ እዚያም ውሃ ይስባል። ሳንባ በውሃ ይሞላል።

ታዲያ ሁሉም የአዮዲን ፈሳሽ ለምን አንድ አልሆነም? ኦስሞላሊቲ የሚቆጥረው ፈሳሹ ውስጥ የሚንቀሳቀሱትን ቅንጣቶች ነው። አንዱ ቅንጣት ስንት አዮዲን እንደተሸከመ አይጠይቅም። የሜክሲኮ አደባባይን እናስብ። መንገዱን የሚያጨናንቀው የመኪናው ብዛት ነው፤ ውስጡ ስንት ሰው እንዳለ አይደለም። ራጅ የሚፈልገው ተሳፋሪውን፣ ማለትም አዮዲኑን ነው። ሕፃኑን የሚጎዳው የመኪናው ብዛት ነው።

ጋስትሮግራፊን ውስጥ ያለው ውሕድ ውሃ ውስጥ ሲገባ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛዋ መኪና ሦስት አዮዲን ትጭናለች። ሁለተኛዋ ባዶዋን ትከተላታለች። ሦስት ተሳፋሪ፣ ሁለት መኪና። እንዲህ ያለው አዮኒክ ይባላል። አዮሄክሶል፣ በንግድ ስሙ ኦምኒፓክ፣ አይከፈልም። ሦስት ተሳፋሪ በአንድ መኪና ነው። አዮዲክሳኖል፣ በንግድ ስሙ ቪዚፓክ፣ ሁለት ሞለኪውል አንድ ላይ የተሰፋ ያህል ነው። ስድስት ተሳፋሪ በአንድ መኪና። ቁጥሩም ከደም ጋር እኩል፣ 290 ነው።

ባዶዋን መኪና ማስቀረት እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ያሰበው ስዊድናዊው ራዲዮሎጂስት ቶርስተን አልሜን ነው። መነሻው ሕፃናት አልነበሩም። የደም ሥር ራጅ የሚነሱ ሰዎች ኮንትራስቱ ሲገባ በሥቃይ መጮኻቸው ነበር። ትላልቆቹ አምራቾች ሐሳቡን ወዲያው አልተቀበሉትም። አንድ የኖርዌይ ኩባንያ ያዘው። አዮሄክሶል እ.ኤ.አ. በ1982 ገበያ ላይ ዋለ።

አዮሄክሶልም ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ጠርሙሱ ላይ 140፣ 180፣ 240፣ 300 ወይም 350 የሚል ቁጥር አለ። በአንድ ሚሊ ሊትር ያለው የአዮዲን መጠን ነው፣ በሚሊ ግራም። ቁጥሩ ሲጨምር ኦስሞላሊቲውም ይጨምራል። የ140ው 322፣ የ180ው 408፣ የ300ው 672፣ የ350ው 844 ነው። ስሙ «ዝቅተኛ ኦስሞላሊቲ ያለው» ቢባልም የ350ው ከደም ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ሆኖም ከጋስትሮግራፊን ጋር ሲነጻጸር ሌላ ዓለም ነው። ሁለቱ ተቀራራቢ የአዮዲን መጠን ይዘው ነው ይህን ያህል የሚራራቁት።

የ300ውን በንጹሕ የመርፌ ውሃ እኩል ለእኩል ማቅጠን ወደ ደም ቁጥር ያቀርበዋል። የራጅ ክፍሎች ይህን ያደርጋሉ። ጋስትሮግራፊንንም በአራትና በአምስት እጥፍ ውሃ ማቅጠን ይቻላል። አዮዲኑም በዚያው ልክ ስለሚቀንስ ሥዕሉ ይደበዝዛል። ሌላ በሌለበት በፊንጢጣ በኩል ለሚደረግ ምርመራ ቀጥኖ ያገለግላል የሚሉ አሉ። በላይ በኩል፣ ትንታ በሚፈራበት ጨቅላ ላይ ግን እሱ ቀርቶ ዝቅተኛ ኦስሞላሊቲ ያለው ቢመረጥ ነው የሚሻለው።

ጥፋቱ ጥቅም ሲሆን

ለጋስትሮግራፊን ፍትሐዊ እንሁን። ውሃ መሳቡ የሚፈለግበት ቦታ አለ። የአንዳንድ አራሶች የመጀመሪያ ዓይነ ምድር እንደ ሙጫ ደድሮ አንጀት ይዘጋል። ሄለን ኖብሌት የተባለች ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1969 ጋስትሮግራፊን በፊንጢጣ በመስጠት ሙጫውን አለስልሶ ማስወጣት እንደሚቻል አሳየች። አንዳንድ ሕፃናት በዚህ ከቀዶ ሕክምና ይድናሉ። ቅድመ ሁኔታው ጥብቅ ነበር። በደም ሥር በቂ ፈሳሽ እየተሰጠ፣ ቀዶ ሐኪም ባለበት። ይህ ቅድመ ሁኔታ ተዘንግቶ ስሙ ብቻ ሲወረስ ነው አደጋ የሚፈጠረው።

ስለ ታይሮይድ የተባለውና ያልተባለው

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ያወጣው ምክር ይህ ነው። እስከ ሦስት ዓመት ዕድሜ ያለው ሕፃን አዮዲን ያለበት ኮንትራስት በመርፌ ከተሰጠው በሦስት ሳምንት ውስጥ ታይሮይዱ ይታይ። ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ፣ አዲስ ለተወለዱና የልብ ችግር ላለባቸው ይበልጥ ጥንቃቄ ይደረግ ብሏል።

ወሬው የዘለላት ቃል «በመርፌ» የምትለዋ ናት። ምክሩ የሚናገረው ወደ ደም ሥር ስለሚገባው ነው። በአፍ ወይም በፊንጢጣ የሚሰጠው አዮሄክሶል ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂቱ ነው። በደኅና አንጀት ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ይሆናል። የቀረው ከዳይፐር ጋር ይጣላል።

ይህ ማለት ግን ዜሮ ነው ማለት አይደለም። ሒሳቡን እንየው። አሥር ሚሊ ሊትር የ180 አዮሄክሶል 1,800 ሚሊ ግራም አዮዲን ይይዛል። አንድ ጨቅላ በቀን የሚያስፈልገው 0.1 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። አብዛኛው አዮዲን ከሞለኪውሉ ጋር ተጣብቆ ስለሚወጣ ታይሮይዱ አያገኘውም። ከዚህ ሁሉ ግን ጥቂት ነፃ አዮዲን እንኳ ቢያመልጥ ለትንሽ ዕጢ ብዙ ነው። ታይሮይድ አዮዲን ሲበዛበት ለጊዜው ሥራ ያቆማል። አዋቂ በቀናት ውስጥ ይላመደዋል። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ግን መላመዱ ይዘገይበታል። የታይሮይድ ሆርሞን ደግሞ ለአእምሮ ዕድገት ያስፈልጋል።

ስለዚህ ክርክሩ ሁለት ወገን አለው። አንዳንድ የሕፃናት ራዲዮሎጂ ባለሙያዎች የአሜሪካው ምክር ማስረጃው ከሚፈቅደው በላይ ሄዷል ይላሉ። ብዙ ጊዜ መዛባቱ አላፊ ነው፤ ሁሉንም ሕፃን ለደም ምርመራ መውጋት ተገቢ አይደለም ባይ ናቸው። ሌላው ወገን ምርመራው ቀላል ነው፣ ቢዘነጋ ግን ዋጋው ከባድ ነው ይላል። ወደ እኛ ስናመጣው ሚዛኑ ትንሽ ያጋድላል። ኢትዮጵያ ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ በደንብ ያዘዘችው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። እንቅርት የቆየ ችግራችን ነው። አዮዲን ያጠረው ዕጢ ድንገተኛ ትርፍ ሲመጣበት ይበልጥ ይደናገጣል። ለሁሉም አራስ የሚደረግ የታይሮይድ ምርመራም በአገራችን የተለመደ አይደለም። ያለ ጊዜው ለተወለደ፣ በተለይ ደጋግሞ ኮንትራስት ለተሰጠው ሕፃን የታይሮይድ ምርመራ መጠየቅ ትርፍ ጥንቃቄ አይደለም። ምርመራውን ፈርቶ አስፈላጊ ራጅ መከልከል ግን ሌላ ነገር ነው።

አየር፣ ጨዋማ ውሃና ቱቦ

የትኛው ኮንትራስት ይሻላል ከሚለው በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለ። ኮንትራስት ያስፈልጋል ወይ?

የጉሮሮ ቧንቧው ሳይገናኝ ለተወለደ ሕፃን በአብዛኛው አያስፈልግም። በአፍ የገባው ቱቦ አልሄድ ብሎ ሲጠቀለል በተራ ራጅ ይታያል። ኮንትራስት ቢጨመር ወደ ሳንባ ነው የሚሄደው። የጨጓራ መውጫው ለጠበበ ሕፃን አልትራሳውንድ ይበቃል። አንጀት አንጀት ውስጥ ሲገባም አልትራሳውንድ ቀዳሚው ነው።

ይህ የመጨረሻው ትንሽ ይብራራ፤ ትልቅ ለውጥ የታየበት ነው። ድሮ ባሪየም በፊንጢጣ እየተሰጠ፣ በግፊቱ የገባው አንጀት ወደ ቦታው ይመለስ ነበር። ከዚያ አየር መጣ። ከቻይና እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ሪፖርት በአየር ግፊት የታከሙ 6,396 ጉዳዮችን ይዞ ቀረበ። አየርም ኮንትራስት ነው፤ በራጅ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ከፍተኛው ግፊት 120 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ እንዳያልፍ ይጠበቃል። አንጀት ቢበሳ እንኳ እንደ ባሪየም የሚቀር ነገር የለም። ያመለጠው አየር ሆድ ወጥሮ ትንፋሽ ሊያሳጣ ስለሚችል ግን አየሩን የሚያስወጣ መርፌ በእጅ መሆን አለበት። ቀጥሎ ከዚህም የቀለለ መጣ። በአልትራሳውንድ እያዩ ጨዋማ ውሃ መስጠት። እንደ ግሉኮስ ከረጢት ከፍ አድርጎ ሰቅሎ ማውረድ ነው። ጨረር የለም። አዮዲን የለም። ባሪየም የለም።

ለአዲስ አበባ ይህ መንገድ ከማንኛውም ውድ ጠርሙስ ይልቅ ተስማሚ ይመስለኛል። በተንቀሳቃሽ ምስል ራጅ የሚያሳየው የፍሎሮስኮፒ ማሽን በየሆስፒታሉ የለም። አልትራሳውንድ ግን አለ። የሚጎድለው የሠለጠነ እጅ ነው። ያውም በሌሊት ተረኛ የሚሆን።

ስለ ተጠማዘዘ አንጀት ግን ስምምነት ገና አልተደረሰም። አልትራሳውንድ የደም ሥሮቹን መጠማዘዝ እንደ ውሃ አዙሪት ያሳያል። ልምድ ባላቸው እጆች ውጤቱ ጥሩ ስለሆነ መጀመሪያ እሱ ይደረግ የሚሉ እየበዙ ነው። ሌሎች የቆየውን የኮንትራስት ምርመራ አይለቁም። አንጀቱ ከጨጓራ ወጥቶ የአከርካሪውን ግራ ጎን ይዟል ወይስ አልያዘም የሚለውን በዓይን ያሳያል ይላሉ። አልትራሳውንዱ ግልጽ መልስ ሲሰጥ መቀጠል፣ ሲያጠራጥር በትንሽ አዮሄክሶል ማረጋገጥ የብዙዎች መሃል መንገድ ነው።

ጠርሙሱ 50፣ የሕፃኑ ድርሻ 10

አሁን ወደ መድኃኒት ቤቱ መስኮት እንመለስ። የአዮዲን ኮንትራስት ትልቁ ተጠቃሚ የአዋቂ ሲቲ ስካን ነው። ሲቲ ስካን የሚፈልገው 300 እና 350 ነው። አስመጪም የሚሸጠውን ያስመጣል። የጨቅላ ሆድ የሚፈልገው 140 ወይም 180 ገበያ የሚስብ ዕቃ አይደለም።

ዕቃው ከውጭ ነው የሚመጣው። አምራቾቹም ጥቂት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሻንጋይ በኮቪድ ስትዘጋ የኦምኒፓክ አምራች የሆነው የጂኢ ሄልዝኬር ፋብሪካ ሥራ ቀነሰ። ኦምኒፓክ በሀብታም አገሮች ሆስፒታሎች ሳይቀር ጠፋ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በዶላር የሚገዛ ሁሉ ከበደ። ኮንትራስትም አልተረፈም።

በዚህ ላይ አንድ ብዙ የማይወራ ብክነት አለ። ቤተሰቡ 50 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ይገዛል። ሕፃኑ የሚያስፈልገው 10 አካባቢ ነው። ቀሪው ወይ ይደፋል፣ ወይ ክዳኑ ተከፍቶ ለነገ ይቀመጣል። መደፋቱ ገንዘብ ነው። መቀመጡ ጀርም ነው። የሆስፒታሉ ፋርማሲ በንጹሕ ክፍል በየልኩ ቀጥኖና ተከፋፍሎ፣ ቀን ተጽፎበት ቢያቀርበው አንድ ጠርሙስ ለብዙ ሕፃናት ይደርሳል። አዲስ ማሽን አይጠይቅም።

አዮሄክሶልም ባሪየም ሰልፌትም የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አሉ። ለመንግሥት ተቋማት ግዥ የሚፈጽመው የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ነው። ምን ይገዛ የሚለው ግን ከሆስፒታሎች በሚመጣ ጥያቄ ይወሰናል። «ኮንትራስት፣ ብዛት ይህን ያህል» ብሎ መጠየቅና «አዮሄክሶል 180፣ ለጨቅላ» ብሎ መጠየቅ የተለያየ ዕቃ ያመጣሉ።

ለቤተሰቡም እንዲሁ ነው። ወረቀቱ ላይ ስሙ ብቻ ሳይሆን ቁጥሩ መጻፍ አለበት። ባለመድኃኒት ቤቱ ሌላ ሲያቀርብ ከመክፈል በፊት ወደ ራጅ ክፍሉ መደወል ይሻላል። ቤት ወይም ኮሪደር ላይ ማቅጠን አይገባም። የሚያቀጥነው፣ እስከ ሰውነት ሙቀት የሚያሞቀውም ክፍሉ ነው። ቀዝቃዛ ፈሳሽ የተሰጠው ጨቅላ ቶሎ ይበርደዋል።

ወረቀቱ የማይጻፍበት ሰዓት

የተጠማዘዘ አንጀት ደም ካጣ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። የሞተ አንጀት ተቆርጦ ነው የሚወጣው። ብዙው ከተቆረጠ ሕፃኑ ከቀዶ ሕክምናው ቢተርፍም ምግብ መምጠጥ ያቅተዋል። ስለዚህ አረንጓዴ ያስታወከ ጨቅላ «ሆዱን በርዶት ነው» ተብሎ እስኪነጋ አይጠበቅም። ጡት መስጠት ቆም ይደረጋል፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይኬዳል። የትውከቱን ቀለም በስልክ ፎቶ አንስቶ ማሳየት ሐኪሙን ይረዳል። ብዙ ወላጅ «ቢጫ ነው» ብሎ የሚገልጸው አረንጓዴ ሆኖ ይገኛልና።

ሕፃኑ ገርጥቶ፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ ደም ያለበት ዓይነ ምድር ይዞ ከደረሰ ደግሞ ነጩም ጥርት ያለውም አይጠበቅም። ፈሳሽ በደም ሥር እየተሰጠው፣ በአፍንጫው ቱቦ ገብቶለት ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይወሰዳል። ያን ጊዜ አባትየው ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት አይሮጥም። የሚፈለግበት ፊርማና ደም መስጠት ነው።